ዳክዬዋ ስትታመም፤ ርኅራኄ ከዕውቀት ጋራ

በስምጥ ሸለቆው መንገድ ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ አዳማ ወይም ወደ ባቱ የሚወርድ መንገደኛ በየውኃው ዳር ዳክዬ ሳያይ አያልፍም። ሆራና ባቦጋያ፣ ጨለለቃና ቆቃ፣ ከዚያም ወዲያ ዝዋይ፣ የአገሩን ወፍ ብቻ ሳይሆን የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በበጋችን ወራት የሚመጡትን እንግዶች ጭምር የሚያስተናግዱ ውኃዎች ናቸው።

የዱሩ ዳክዬ እንዲህ ሲበዛ የቤቱ ዳክዬ ግን በአገራችን እንደ ዶሮ የተለመደ አይደለም። በብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤትም ዳክዬ ለጠረጴዛ ከሚታሰቡት አዕዋፍ ጋራ አይቈጠርም። ስለዚህ በከተማ ግቢ ውስጥ አንዲት ወይም ሁለት ዳክዬ ቢገኙ አብዛኛውን ጊዜ የልጆች ወዳጅ ሆነው፣ ስም ወጥቶላቸው፣ በሣፋ ውኃ ሲንቦጫረቁ የሚታዩ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ያለችው ዳክዬ የታመመች ቀን ነው። የዶሮን በሽታ እናቶቻችን ከልምድ ያውቁታል፤ የዳክዬን ግን የሚያውቅ ጎረቤት አይገኝም። በገበያ ዋጋ ቢታሰብም ለሕክምና የሚወጣው ብር ከዳክዬዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከሁለት ስሕተቶች ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንዱ «ወፍ ናት፤ ብትሞትስ» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በርኅራኄ ብዛት በእጅ የተገኘውን መድኃኒት ሁሉ መስጠት ነው። ይህ ሁለተኛው የደግነት መልክ ስላለው ከፊተኛው ይልቅ ያሳስታል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ የአዳማ ቤተ ሰብ እናስብ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጧት ተነሥታ ዳክዬዋን ስትጠራት አልመጣችም እንበል። ዳክዬዋ ላባዋን አንጨፍርራ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ከፓፓያው ዛፍ ሥር ብቻዋን ቆማለች። ልጅቱ ታለቅሳለች። አንዷ ጎረቤት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በሎሚ አሽተው እንዲግቷት ትመክራለች። ሌላው ጥቂት አረቄ ይበቃታል ይላል። አባት ከሣጥን ውስጥ ባለፈው ዓመት ለራሱ ታዞለት የተረፈውን የቴትራሳይክሊን ፍሬ ያስታውሳል። ከደጅ የመጣ ነጋዴም በለሆሳስ «ዶሮዎቹን ሳይታመሙ ቶሎ ሽጡአቸው፤ በዓሉ ደርሷል» ይላል። እነዚህ አራት ምክሮች በየሰፈራችን የምንሰማቸው ናቸውና አንድ በአንድ ልንመረምራቸው ይገባል።

ሕመሙን መለየት

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባን፣ የታመመች ዳክዬ ሁሉ ተሕዋስያን የገቡባት አለመሆኗን ነው። ወፍ ሕመሟን ትሸሽጋለች። በዱር የደከመ ፍጥረት ቶሎ በአውሬ ይበላልና እስከ ቻለች ድረስ ደኅና መስላ ትቆማለች። ስለዚህ ምልክቱ ሲታየን ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሰንብቷል።

በሚያዝያና በግንቦት የአዳማ ሙቀት ዳክዬ ምንቃሯን ከፍታ ብታለከልክ በሽታ ላይሆን ይችላል። ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ስታገኝ ከተሻላት ሙቀት ነበር። በጥላ ውስጥ ዐርፋም ትንፋሿ ከጮኸ ወይም ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወረደ ግን የመተንፈሻ ሕመም ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የሰውነቷን ትኩሳት በእጅ ዳብሶ «ተኩሷታል» ማለትም አያስተማምንም፤ የዳክዬ ሰውነት በጤናዋም ጊዜ 41 ወይም 42 ዲግሪ ያህል ይሞቃልና።

ዐይኗ ብቻ አብጦ የሚያለቅስ እንደ ሆነ መጠጫዋን ተመልከቱ። ዳክዬ ራሷን እስከ ዐይኗ ድረስ ውኃ ውስጥ ነክራ ዐይኗንና አፍንጫዋን ማጠብ አለባት። ዝርግ በሆነ የዶሮ መጠጫ ብቻ የምትኖር ዳክዬ ይህን ስለማታገኝ ዐይኗ ይታመማል። የምታነክስ ብትሆን የእግሯን መዳፍ ገልብጣችሁ እዩ። በድንጋይና በሲሚንቶ ላይ የምትውል ዳክዬ መዳፏ ይቆስልና ተሕዋስያን ገብተው ያሳብጡታል፤ ከመካከሉም ጥቁር ቅርፊት ይታያል። ጫጩት ሆና እግሯ የተጣመመ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዳክዬ ጫጩት ናያሲን የተባለውን ቪታሚን ከዶሮ ጫጩት አብልጣ ትፈልጋለች፤ በበቆሎ ብቻ ብታድግ እግሯ ይጎብጣል። ይህን የተሕዋስያን መድኃኒት አያቃናውም።

እግሯ ቀድሞ፣ ከዚያ ክንፏ፣ በመጨረሻም አንገቷ እንደ ጨርቅ የሚዝል ከሆነ ቦቱሊዝም የተባለው መርዝ ይጠረጠራል። ይህ መርዝ በበሰበሰ ነገርና ጥንብ በገባበት የረጋ ውኃ ውስጥ ይፈጠራል። እንቁላል ጣይዋ ስታምጥ ብትታይ እንቁላሉ አልወጣ ብሏት ይሆናል። ሚስማር ወይም ሽቦ የዋጠችም እንዲሁ ደንዝዛ ትቆማለች። አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ኩስ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ በአንድ ሰሞንም ብዙ ወፎች መታመማቸው ግን የተላላፊ በሽታ ማስጠንቀቂያ ነው።

የምግቡም ነገር አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ ነገር አለቁ፤ የዳክዬ ጫጩቶችም ሞቱ። ሐኪሞች መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ ሲመረመር ግን ጥፋቱ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። የዳክዬ ጫጩት ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ስለ ሆነች ሊቃውንቱ መርዙን ለመፈተን በእርሷ ተጠቅመዋል። እንግዲህ ለሰው የማይሆነውን የሻገተ እህል «ለዳክዬዋ ይሁን» ማለት መርዝ ማብላት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ

ሐኪም እስኪገኝ ድረስ በቤት የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትጋት ይጠይቃል።

1ኛ. ዳክዬዋን ከሌሎቹ ለዩአት። ጸጥ ያለ፣ ደረቅና ነፋስ የማይመታው ስፍራ ትደር። ሰፊ ካርቶን ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎበት ይበቃል። የሻገተ ጭድ ሳንባዋን ስለሚያሳምም አይነጠፍላት። የታመመች ወፍ ሙቀቷን መጠበቅ ያቅታታልና በሌሊት እንዳይበርዳት፣ በቀትርም ፀሐይ እንዳይመታት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

2ኛ. ውኃ አይለያት። ዕቃው ምንቃሯንና ዐይኗን ለመንከር የሚበቃ ይሁን እንጂ የምትዋኝበት አይሁን። የደከመች ዳክዬ ላባዋ ውኃ ይጠጣል፣ ይበርዳታል፣ ልትሰጥምም ትችላለች። ውኃው በቀን ብዙ ጊዜ ይለወጥ።

3ኛ. በግድ አትጋቱአት። የአየር ቧንቧዋ አፍ ከምላሷ ሥር ነው። በማንኪያ የፈሰሰ ውኃ ወይም የፌጦ ጭማቂ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ያንቃታል። የፊተኛይቱ ጎረቤት ምክር አደጋው በዚህ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም ሎሚም የዳክዬን ተላላፊ በሽታ እንደሚፈውሱ አልተረጋገጠም። አረቄም ለወፍ መርዝ ነው።

4ኛ. የለመደችውን ምግብ በውኃ አርሳችሁ አቅርቡላት፤ የተከተፈ ጎመን ወይም ሰላጣ ጨምሩበት። ደረቅ ዱቄት ያለ ውኃ ያንቃታል። እንጀራና ዳቦ ሆዷን ይሞላሉ እንጂ አይጠግኗትም።

5ኛ. መዳፏ የቆሰለ እንደ ሆነ በተፈላና ለብ ባለ ውኃ እጠቡላት፤ በግማሽ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። ከዚያ አድርቃችሁ ለስላሳ ነገር ላይ አኑሩአት። ቅርፊቱን በምላጭ መቅደድ ግን የሐኪም ሥራ ነውና አይሞከር።

6ኛ. ጻፉ። ዕለቱን፣ የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ የኩሷን መልክ፣ ቢቻል በየጧቱ በሚዛን ክብደቷን በደብተር መዝግቡ። ይህ ሥራ ለልጅ ቢሰጥ መልካም ነው። ልቅሶዋ ወደ ትጋት ይለወጣል፤ ለሐኪሙም ከብዙ ወሬ ይልቅ የልጅቱ ደብተር ይጠቅመዋል። ልጅቱ መዝገቡን ትጻፍ እንጂ የታመመችውን ዳክዬ ማቀፍና ማጽዳት የአዋቂ ሥራ ይሁን።

ስለ ተረፈው መድኃኒት

አሁን ወደ አባትየው ሣጥን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር አንድ ነገር አስጠንቅቆ ነበር። ይኸውም መድኃኒቱን ሰዎች ከልክ አሳንሰው ቢወስዱት ተሕዋስያኑ ሳይሞቱ መድኃኒቱን ይለምዱታል የሚል ነው። የፈራው ደርሷል። ዛሬ በሰውም በእንስሳም ላይ የቀድሞው መድኃኒት የማይበግራቸው ተሕዋስያን በዓለም ሁሉ ይገኛሉ።

ለዳክዬዋ የተፈለጠ የቴትራሳይክሊን ፍሬ ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ መጠኑ በግምት ስለ ሆነ ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። ሁለተኛ፣ በሽታው በቫይረስ የመጣ እንደ ሆነ፣ ወይም መርዝ፣ ሚስማር፣ የቪታሚን ጉድለት እንደ ሆነ ምንም አይረዳም፤ ጊዜ ግን ያባክናል። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ይገባል፤ ያን እንቁላል የሚበላው ሰው ሳያውቅ ያልታዘዘለትን መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም አንቲባዮቲክ ባዘዘ ጊዜ መጠኑንና ቀኑን ጠብቆ መጨረስ ይገባል። እንቁላሉና ሥጋው ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቆ ያንኑ መፈጸምም የቤቱ እመቤትና የአባወራው ግዴታ ነው። ለዶሮ ተብሎ መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖም ሐኪም ሳይጠየቅ ለዳክዬ አይሰጥ።

ስለ ቤተ ሰቡ ጤና

ዳክዬ ጤነኛ መስላ ሳለ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ በኩሷ ልታወጣ ትችላለች። ይህ በሰው ላይ ትኩሳትና ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና እርጉዞችን ይበልጥ ይጎዳል። በኩሷ ትቢያ አማካይነት ወደ ሰው ሳንባ የሚደርስ ሌላ ሕመምም አለ። ስለዚህ ልጆች ዳክዬን በምንቃሯ አይሳሟት፤ በማድ ቤትም አትዋል። የታመመችውን የሚንከባከብ አንድ አዋቂ ሰው ይመደብ። እርሱም አስቀድሞ ጤነኞቹን አብልቶ በመጨረሻ ወደ ታመመችው ይሂድ፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ጫማ ያኑር፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። ዕቃው መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ቆሻሻው ከለቀቀ በኋላ በውኃ በተበረዘ በረኪና ይጽዳ። በረኪና ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋራ ከቶ አይቀላቀል፤ ጢሱ ሰውን ይጎዳልና።

የወፍ ኢንፍሉዌንዛም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይህ በሽታ በናይጄሪያና በግብጽ፣ ቀጥሎም በጎረቤቶቻችን በሱዳንና በጅቡቲ ተገኝቶ ነበር። አዳማ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም ከሩቅ አገር የሚመጡ የውኃ ወፎች ያርፋሉ። ዳክዬ ይህን ቫይረስ ሳትታመም ልትሸከም ትችላለች። ስለዚህ የቤት ዳክዬ ከዱር ዳክዬ ጋራ በሐይቅ እንዳትቀላቀል መጠበቅ ይሻላል። ብዙ ወፎች በድንገት ቢሞቱም በባዶ እጅ ሳይነኩ ለወረዳው ወይም ለከተማው የእንስሳት ጤና ሹም ወዲያው ማመልከት ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም መሄድ

አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እንቢ ያለች፣ ትንፋሽ ያጠራት፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ወይም የዛለ፣ ደም የሚታይባት ዳክዬ ነገን ሳትጠብቅ ለእንስሳት ሐኪም ትታይ። ጫጩት ከሆነች ከዚያም ይቸኩላል። የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው በቢሾፍቱ ነው፤ ለከብትና ለዶሮ የሚሆኑ ክትባቶች በዚያ ይሠራሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ1979 በዚያችው ከተማ ተጀምሮ ብዙ ሐኪሞችን አውጥቷል። ከአዳማ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም፤ በየከተማውም የመንግሥትና የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ።

ሐኪሙን ስታገኙ የዳክዬዋን ዕድሜ፣ በግቢው ያሉትን ወፎች ቍጥር፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ምግቡን፣ በቅርብ የገባ አዲስ ወፍ መኖሩን፣ የተሰጣትንም ማናቸውንም መድኃኒት ሳትሸሽጉ ንገሩ። አረቄ ተሰጥቷት እንደ ሆነም ይነገር፤ የተሸሸገ ነገር ሐኪሙን ያሳስታል። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ሥቃይዋ በዝቷልና ማሳረፍ ይሻላል ሊል ይችላል። ይህንም ሰምቶ መቀበል የርኅራኄ ወገን ነው።

ዳክዬዋ ብትሞት ሬሳዋ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ቦይ ወይም ለውሻ አይጣል። ሌሎች ወፎች ካሉ የሞቷን ምክንያት ማወቅ እነርሱን ያድናልና፣ ሐኪሙ ይምጣ ካለ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልላ፣ በበረዶ ተከብባ፣ ሳትውል ሳታድር ወደ ላቦራቶሪ ትወሰድ። ካልሆነ ከጕድጓድ ውኃ ርቆ በጥልቅ ትቀበር። ለልጅም «በራ ሄደች» ተብሎ አይዋሽ። እውነቱን የሰማ ልጅ አልቅሶ ይጽናናል፤ የተዋሸ ልጅ ግን ሲደርስበት ሐዘኑ ሁለት ይሆናል።

ስለ ጎረቤትና ስለ ገበያ

የቀረው የነጋዴው ምክር ነው። ፈንግል የምንለው የዶሮ በሽታ ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ለዶሮ ክትባት አለው እንጂ ከያዘ በኋላ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም። ዳክዬ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ጠንክራ አትታመምም፤ ነገር ግን ተሸክማ ለዶሮዎቹ ልታስተላልፍ ትችላለች። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ለፋሲካ ገበያ ከየገጠሩ የተሰበሰቡ ዶሮዎች በአንድ ቅርጫት ሲታጎሩ፣ ከአንድ ግቢ የወጣ በሽታ በሦስት ቀን ውስጥ ሃያ ሰፈር ይገባል። በሽታ መኖሩን እያወቁ መሸጥ ለድኻ ጎረቤት ሞት መሸጥ ነው፤ ምናልባት ያቺ ገዢ ያላት ሀብት አምስት ዶሮ ብቻ ይሆናል።

አገራችን የእንስሳት በሽታ ምን እንደሚያደርስ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ተነሥቶ በሬውን ሁሉ ጨረሰው፤ የሚያርስ ጠፍቶ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሆነ። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፉትም ክትባት፣ ላቦራቶሪና የታመመውን ከብት ሳይሸሽግ የተናገረ አርብቶ አደር በአንድነት ናቸው።

እንግዲህ በግቢው በሽታ የጠረጠረ ሰው ወፎቹን ከቤት አያውጣ፤ ለጎረቤቱም ይንገር። አዲስ ወፍ የገዛም ሦስት ሳምንት ያህል ለይቶ ያቆያት። ዶሮዎቹን በጊዜያቸው ያስከትብ፤ ዳክዬዋንም ሐኪሙን ይጠይቅላት።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን ስለ ምሕረት ብዙ ቃል ከእኛ ይሰማሉ። ምሕረት እንዴት እንደሚሠራ የሚያዩት ግን ምንም ዋጋ በማታወጣ በአንዲት የታመመች ዳክዬ ዙሪያ በምናደርገው ነገር ነው። እጃችንን ታጥበን፣ ለይተን፣ መዝግበን፣ ጠይቀን፣ እውነቱን ለጎረቤት ተናግረን ካሳየናቸው ዳክዬዋ ብትድንም ባትድንም ትምህርቱ አብሮአቸው ያድጋል። በሣጥናችሁ የተረፈ ፍሬ መድኃኒት ካለ ዛሬውኑ ወደ መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ፤ በቅርባችሁ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ የት እንደ ሆነም ሕመም ሳይመጣ ዕወቁ።